የመድኃኒት ሚዛን ያቆመው ሊቅ ፓውል ኤርሊክ

በሐረር ገበያ ቡና ሻጭና ገዥ የሚስማሙት ሁለቱም በሚያምኑት ሚዛን ነው። የመድኃኒት ኃይልስ በምን ይለካል? መልሱን ያገኘው ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊክ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1854 ዓ.ም. ተወለደ።

በዘመኑ የሕፃናትን ጉሮሮ ዘግቶ የሚገድለው ዲፍቴሪያ ከፈረስ ደም በሚወጣ ሴረም ይታከም ነበር። ይሁን እንጂ አንዱ ሴረም ብርቱ፥ ሌላው ደካማ ስለ ነበረ፥ ልኩ እኩል ቢሆንም ፈውሱ እኩል አልሆነም። ኤርሊክ በ1897 አንድ ሴረም አድርቆ፥ ከአየር፥ ከብርሃንና ከእርጥበት ጠብቆ መለኪያ አደረገው፤ የሌላውም ኃይል ከዚህ ጋር እየተነጻጸረ በዩኒት ተቈጠረ። በ1908 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በ1915 ዐረፈ። በ1922 መለኪያው የዓለም ሁሉ ሆነ።

ዛሬ በከተማችን የስኳር በሽተኞች በሚወጉት ኢንሱሊን ብልቃጥ ላይ የምናነበው የዩኒት ቍጥር የዚሁ ሐሳብ ፍሬ ነው። እኛም ተማሪዎች ትክክለኛ ልክ ነፍስ እንደሚያድን ከሊቁ ሕይወት እንማራለን።