እቴጌ ጣይቱ ብጡል፦ በቁርባን የጸና ቤት

የእቴጌ ጣይቱ ስም ሲነሣ ሁላችንም ዘንድ ቶሎ የሚመጣው ዐድዋ ነው። ከዐድዋ ቀጥሎ ደግሞ የአዲስ አበባ ስም። ይህ ተገቢ ነው፤ ሆኖም እኛ እጩ መምህራን ከጥቂት ወራት በኋላ በየገጠሩ ተበትነን ጎጆ የምንወጣ፣ ከፊሎቻችንም ትዳር የምንመሠርት ስለሆንን፣ ለዛሬ የመረጥነው የሕይወታቸውን ሌላ ገጽ ነው። ቤታቸውን እንዴት ያዙት? ከባላቸው ጋር እንዴት ኖሩ? እምነታቸውስ በዚህ ውስጥ ምን ቦታ ነበረው? የሚለውን ነው።

ጣይቱ የተወለዱት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር የጎንደር ሰው ነበሩ። አባታቸው በልጅነታቸው ሞቱባቸው። እናታቸው ሌላ ባል አግብተው ወደ እኛው አገር ወደ ጎጃም፣ ወደ ደብረ መዊ መጡ። ደብረ መዊን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በባሕር ዳርና በአዴት መካከል ነው። ልጅቱ ፊደል ቆጥረው አማርኛ መጻፍና ማንበብ፣ ግዕዝም የተማሩት እዚያ ደብር ጥላ ሥር ነው ይባላል። በዚያ ዘመን የመኳንንት ሴት ልጅ እንኳ ብትሆን ፈትልና ወጥ እንጂ ብራና አይሰጣትም ነበር። እሳቸው ግን ሁለቱንም ያዙ። በገናም ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር።

ትዳራቸው ግን መጀመሪያ አልሰመረም። ምኒልክን ከማግባታቸው በፊት አራት ጊዜ ተድረው እንደነበር ይነገራል። አንዱም አልቆየም፤ ልጅም አልወለዱም። በእኛ አገር ልጅ ያልወለደች ሴት ምን እንደምትባል፣ ጥፋቱ ሁሉ በማን ላይ እንደሚጫን መናገር አያስፈልገንም። ይህን ሁሉ ተሸክመው ነው እንግዲህ ወደ ሸዋ የመጡት። ንጉሥ ምኒልክም በበኩላቸው ከወይዘሮ ባፈና ጋር የነበራቸው ኑሮ በክፉ ፈርሶ ነበር። ሁለት የተጎዱ ሰዎች ናቸው የተገናኙት ብንል ስሕተት አይሆንም።

በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆርበው ተጋቡ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌና በዋስ ይታሰራል፤ ካልሆነ ደግሞ ንብረት ተካፍሎ ይፈታል። የቁርባን ጋብቻ ግን አይፈታም። ሁለቱ ከአንድ ሥጋና ደም ከተቀበሉ በኋላ የሚለያቸው ሞት ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙው ሰው፣ መኳንንቱም ጭምር፣ ይፈራው ነበር፤ ከካህናት በቀር የሚቆርበው አብዛኛው ካረጀ በኋላ ነው። ዛሬም በየመንደራችን ይህንኑ እናያለን። ታዲያ አራት ጊዜ የፈረሰባት ሴትና ባፈናን ገና የሸኘ ንጉሥ፣ ወደ ኋላ መመለሻ የሌለበትን መንገድ መረጡ። በመኝታ ክፍላችን ስንከራከር አንዳንዶች ይህ የፖለቲካ ብልሃት ነው፣ የሰሜንን መኳንንት ከሸዋ ለማሰር ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ለፖለቲካ ከሆነ ግን ሰማንያም ይበቃ ነበር እንላለን እኛ።

ወደ ቤት አያያዛቸው እንምጣ። የቤተ መንግሥት ጓዳ ማለት አንድ ከተማ ነው። ወጥ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ግምጃ ቤቱ እያንዳንዱ ኃላፊ አለው። ግብር በሚገባበት ቀን ሹሙም ወታደሩም ድኻውም በየተራው ይበላል። እቴጌ ከዚህ ሁሉ በላይ ሆነው ጓዳውን የሚያውቁ ነበሩ። የበርበሬውን ድልህ፣ የጠጁን ጌሾ ቀርበው የሚያዩ ባለሙያ እንደነበሩ ነው የሚነገረው። በ1880 ዓ.ም. ግድም እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ ያዘጋጁት ድግስ ለቀናት የዘለቀ ሲሆን፣ የንጉሡን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የወጡን ዓይነት ሳይቀር ዘርዝረው አስቀምጠውታል። የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ወጥ ሲቆጠር አይገርምም? እኛን ገርሞናል። ዛሬ ከሰሜን እስከ ደቡብ የኢትዮጵያ ምግብ እየተባለ የሚቀርበው ገበታ መልክ የያዘው በእሳቸው አዳራሽ ነው የሚሉ የታሪክ ሰዎችም አሉ።

ይህ ጓዳ በጾም ሌላ ጓዳ ይሆናል። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም ኀምሳ አምስት ቀን፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት ሲቆጠር የዓመቱ ግማሽ ያህል ጾም ነው። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ሽሮው፣ ስልጆው፣ የሱፍ ፍትፍቱ በቅባኑግና በሰናፍጭ ይወጣል። የክርስቲያን ቤት አስተዳደር ማለት በአንድ ምድጃ ላይ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ይዞ መኖር ነው። እናቶቻችን ሳይጽፉት በቃላቸው የሚያውቁትን፣ እቴጌ ለሺሕ ሰው ይሠሩት ነበር።

ያ ድግስ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ የከብት በሽታ ገባ። ከጣሊያን ጋር በምጽዋ በኩል እንደመጣ ይታመናል። በሬው አለቀ፣ ጎተራው ባዶ ሆነ፤ ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን ጎጃምንም ክፉኛ መታ፤ አያቶቻችን ከአያቶቻቸው የሰሙት ነው። በሬ ሲጠፋ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፤ ሹማምንቱም እንዲቆፍሩ አደረጉ። የምኒልክና የጣይቱ ዘውድ የተደፋው በዚሁ በክፉው ቀን መካከል መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፣ እቴጌ ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ እንጦጦ ማርያም ነገሡ።

ስለ ውጫሌ ውልና ስለ ዐድዋ በታሪክ ክፍለ ጊዜ በሰፊው ስለተማርን አንደግመውም። ከጓዳ ጋር የሚያያዘውን ብቻ እንጥቀስ። መቀሌ ላይ ጣሊያን በምሽጉ ውስጥ ሲቀመጥ ምንጩን አስይዘው ውኃ ያስጠሙት እቴጌ ናቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ደግሞ ሴቶቹ በገንቦ ውኃ ተሸክመው ለተዋጊው፣ ለቁስለኛውም እንዲያደርሱ አሰማሩ። የእኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ሠራዊት ይዘው የተዋጉት በዚሁ ቀን ነው። ውኃ መቅዳት የሴት ሥራ እየተባለ የሚናቅ ነገር አገር ሲያድን ታየ።

ሥራ አለመናቃቸውን በሆቴሉም እናያለን። በ1900 ዓ.ም. ግድም አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል አቋቋሙ። በአደባባይ፣ ያውም በገንዘብ መብላት ነውር ስለነበር መጀመሪያ ደፍሮ የሚገባ ጠፋ፤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን እየጋበዙ አለማመዱ ይባላል። ወጡንም እቴጌ ቆመው ያሠሩ ነበር። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ከፊሉ ቢጎዳም ታድሷል።

ልጅ ስላልወለዱ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን ቀረቡ። የእንጀራ እናት ስም ባገራችን ክፉ ነው፤ በሁለቱ መካከል ግን መዋደድ እንደነበር ታሪክ ይመሰክራል። ቆይቶ ዘውዲቱን የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ እንዲያገባ አደረጉ። እዚህ ላይ ግን ዝም ብለን ማለፍ አይገባንም። እቴጌ ዘመዶቻቸውን በየትልልቁ ቤት እየዳሩ ሥልጣን ያከማቹ ነበር፤ በዚህም የሸዋ መኳንንት ቂም ያዙባቸው። ትዳር የመንግሥት መሣሪያ ሲሆን የሚጎዱት የተዳሩት ናቸው። ዘውዲቱ ሲነግሡ ከራስ ጉግሣ እንዲለዩ ተደረገ፤ ራስ ጉግሣም በ1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ በጦርነት ሞቱ። ለራሳቸው ያልተፈታውን ቁርባን መርጠው ለሌላው በፖለቲካ የሚታሰር ትዳር ማዘጋጀታቸው ለእኛ አልተዋጠልንም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጨረሻው ዘመን ነው። ምኒልክ ታመሙ፤ ከ1902 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ አካላቸው አልታዘዝ፣ አንደበታቸውም ተዘጋ። እቴጌ በአንድ በኩል ያስታምማሉ፣ በሌላው በኩል ይሾማሉ ይሽራሉ። መኳንንቱ ተማከሩና በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አገዷቸው፤ ባላቸውን ከማስታመም በቀር ሌላ እንዳይነኩ ተደረገ። ለሌላው ሰው ይህ ቅጣት ነው። እሳቸው ግን ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ከአልጋው አጠገብ አልተለዩም። በአንኮበር የተቀበሉት ቁርባን ምን ያህል እንደጠለቀ የተፈተነው ያን ጊዜ ነው፤ ዘውድ የለ፣ ግብር የለ፣ የሚናገር ባል እንኳ የለ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። መርዶው ሳይወጣ ምን ዓይነት ለቅሶ ይለቀሳል? ሚስት ባሏን እንደ ወጉ እንዳታለቅስ መደረጓ ብቻውን ትልቅ በደል ነው። ወዲያው ከቤተ መንግሥት ወጥተው እንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጡ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው ዘውዲቱ ሲነግሡ ኑሯቸው ቀለል ቢልም ወደ ሥልጣን አልተመለሱም። ጎንደር ሄደው እዚያ ለመሞት ፈቃድ ጠይቀው ነበር፤ አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉና በዚያው በእንጦጦ ማርያም ተቀበሩ። በኋላ ግን ዐፅማቸው ወደ ታዕካ ነገሥት በዓታ ወርዶ በምኒልክ አጠገብ ዐርፏል።