አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ፦ ጎጃምን በብዕር ያቆዩት ሠዓሊ

ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ጣናን አቋርጦ ይወጣና ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮት ይወርዳል። አዴት፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ደብረ ማርቆስ በዚህ መቀነት ውስጥ ናቸው። የዚህን ምድር ትውልድ በጽሑፍ ያቆዩት ሰው የተወለዱት ግን ከወንዙ ማዶ ነው። ሠዓሊውና ታሪክ ጸሐፊው አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው።

ከኦሮሞ ቤተሰብ የተወለዱት አለቃ፣ ገና በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው ዓባይን ተሻገሩ። ያደጉት በራስ አዳል ተሰማ ቤት ነው። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ነገሡ። የዘመኑ ዕጣ ግን ለንጉሥም አልራራም፤ በ1874 ዓ.ም እምባቦ ላይ ተሸንፈው እርሳቸውም የምኒልክ ምርኮኛ ሆኑ።

ብላቴናው የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ለአለቃነት በቁ፤ በሥዕልም ስም አወጡ። በዚያ ዘመን የጽሕፈትና የሥዕል መሣሪያ በአብዛኛው ከገበሬው ደጅ የሚገኝ ነበር። የፍየል ቆዳ ተወጥሮና ተፍቆ ብራና ይሆናል። መቃ በቢላ ተቀርጾ፣ ጫፉ ተሰንጥቆ ብዕር ይወጣዋል። ጥላሸትና ያረረ እህል ተወቅጦ፣ ተለውሶና ለወራት ተብላልቶ ጥቁር ቀለም ይሆናል። ቀዩ ቀለም ደግሞ ለቅዱሳን ስም ይጠበቃል።

የሥዕሉም ኃይል ከመስመር ነው። ሠዓሊው በመጀመሪያ የአካሉን ቅርጽ ያሰምራል፣ ቀጥሎ ቀለሙን ይሞላል፣ በመጨረሻም ዓይኑን፣ ጣቱንና የልብሱን እጥፋት በጥቁር ቀለም ያጠራል። ብራና ላይ የተሳሳተች መስመር በቢላ ተፍቃ ካልሆነ አትለቅም። ስለዚህ ይህ ሙያ የረጋ እጅና ትዕግሥት ይጠይቃል።

አለቃ ይህን ትዕግሥት ወደ ታሪክም አመጡት። የጎጃምን ባላባቶች የትውልድ ሐረግ፣ የገዥዎቹን ሹመትና ሽረት፣ የጦርነቱን ውሎ በአማርኛ ጻፉ። ማን ከማን እንደተወለደ አንድ በአንድ አሰፈሩ። ይህን ያደረጉት የራሳቸው ሐረግ በምርኮ የተቆረጠባቸው ሰው መሆናቸው ሥራቸውን ልዩ ያደርገዋል። በጎጃም ተክለ ኢየሱስ ተብለው ቢጠሩም፣ የአባታቸው ስም ዋቅጅራ እስከ ዛሬ ከስማቸው አልተለየም።

ጽሑፋቸው ለረጅም ጊዜ በእጅ ጽሑፍ ከቆየ በኋላ በግርማ ጌታሁን አዘጋጅነት በ2003 ዓ.ም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። ርዕሱም የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከዓባይ እስከ ዓባይ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ለዓለም ቀረበ።

በይልማና ዴንሳም ሆነ በቡሬ ሽማግሌ ዛሬም ልጅ ሲድር ሰባት ቤት ይቆጥራል። በቃል የሚቆጠረው ሐረግ ከቆጣሪው ጋር ወደ መቃብር ሊወርድ ይችላል፤ በቀለም የሰፈረው ግን ለልጅ ልጅ ይደርሳል። ከዓባይ ማዶ በምርኮ የመጡት ብላቴና ለጎጃም የተዉት ውለታ ይህ ነው።