ዋሽንትና ኦርኬስትራ፦ የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ሕይወት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አነስተኛ ድልድይ ጥናት በከፋ ዞን ሺሺንዳ ሰንብቼ ነበር። አንድ ማታ ከብቶቹን ወደ ቤት የሚመልስ ልጅ ዋሽንት ሲነፋ ሰማሁና በስልኬ ባለው የድምፅ መለኪያ ዜማውን ለመለካት ሞከርኩ። ከድምፆቹ አንዱ ከፒያኖ ሁለት ቁልፎች መካከል ወደቀ። በመጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ዋሽንቱ ጉድለት አለበት የሚል ነበር። ወዲያው ግን ዕድሜያቸውን ይህን መሰል ፍርድ ሲመረምሩ የኖሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ትዝ አሉኝ። የማኅበራችን መጽሔት ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜም የእኚህን ሰው ሕይወት ለባልደረቦቼ ላካፍል መረጥኩ።

አሸናፊ ከበደ በ1930 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። ለሙዚቃ ባደረባቸው ፍቅር ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሮቸስተር ከተማ በሚገኘው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩና እ.ኤ.አ. በ1962 ተመረቁ። ወደ አገራቸው እንደተመለሱም የቅዱስ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትን በማቋቋምና የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆነው በመምራት ትልቁን አገራዊ ተግባራቸውን ጀመሩ።

የተሸከሙት ኃላፊነት ቀላል አልነበረም። የምዕራቡ ሙዚቃ በኖታ የተጻፈ፣ በፒያኖ ላይም አንዱን ስምንዮሽ በ12 እኩል እርከኖች የከፈለ ሥርዓት ነው። የእኛ ዓለማዊ ዜማ ግን በአብዛኛው በአምስት ድምፆች ላይ ተመሥርቶ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ይመላለሳል። ዋሽንት ሠሪውም አራቱን ቀዳዳዎች የሚበሳው በጣቱ ለክቶ ነው፤ ስለዚህም ሙያተኛው ለየቅኝቱ የሚስማሙ ረጃጅምና አጫጭር ዋሽንቶችን ይዞ ይዞራል። በአምስት ድምፅ የቆመ ዜማ ለሰባት ድምፅ የተዘጋጀ ወፍራም ኅብረ ድምፅ ሲጫንበት መልኩን ያጣል። ሁለት ልዩ ልዩ ቁሶችን ያለ መጋጠሚያ ክፍተት አጣብቆ መሥራት ምን እንደሚያስከትል ለመሐንዲስ መንገር አያስፈልግም።

አሸናፊ የመረጡት መንገድ አንዱን ለሌላው መሥዋዕት ማድረግ አልነበረም። እረኛው ባለዋሽንት በተሰኘው ድርሰታቸው የአገር ቤቱን ዜማ ወደ ኦርኬስትራ መድረክ አወጡት። እ.ኤ.አ. በ1967 በሃንጋሪ የአገሪቱን መንግሥት ኦርኬስትራ እየመሩ የራሳቸውን ድርሰቶች አሰሙ። የሃንጋሪው ታላቅ የሙዚቃ ሰው ዞልታን ኮዳይ የገበሬውን ዜማ ከየመንደሩ ሰብስበው ለኦርኬስትራ ያበቁ ስለ ነበሩ፣ አሸናፊም ጥቁሩ ኮዳይ እየተባሉ ተጠሩ።

ይሁን እንጂ የያዙት ዕውቀት ብቻውን እንደማይበቃ የተረዱ ይመስላል። የትምህርት ቤቱን አመራር ከለቀቁ በኋላ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦችን ሙዚቃ ጥናት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ባህላዊ አቋም በጻፉት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመ ጽሑፋቸውም ክራር የሰይጣን መሣሪያ ተብሎ የተናቀበትን አመለካከት መረመሩ። ባለ አሥር አውታሩ በገና ለምስጋናና ለጸሎት ሲከበር፣ የቅርብ ዘመዱ ክራር ከመሸታ ቤት ጋር ተቆራኝቶ ቀርቶ ነበርና።

የጥናታቸው አድማስ በዚህ አላበቃም። ኮቱራሲያ በተባለው ድርሰታቸው ባለ 13 አውታሩን የጃፓን ኮቶ ከምዕራቡ መሣሪያዎች ጋር አጣመሩ። ጉዳዩ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ የሚመስለውን ያህል እንግዳ አይደለም። ሂራጆሺ የሚባለው የኮቶ ቅኝት አምስት ድምፆች ከእኛ የትዝታ ንኡስ ቅኝት ጋር በእጅጉ ይገጥማሉ። ከቶኪዮ እስከ አዲስ አበባ ባለው ርቀት መካከል ያልተቀጠረ ዝምድና አለ ማለት ነው፤ ዝምድናውን ለማየት ግን ሁለቱንም ወገን ማወቅ ግድ ይላል።

አሸናፊ ቀሪ ዕድሜያቸውን በአብዛኛው በአሜሪካ አሳለፉ። በኒው ዮርክ በኩዊንስ ኮሌጅ፣ ኋላም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥረ መሠረት መጽሐፍ አሳተሙ። በ1990 ዓ.ም. በ60 ዓመታቸው በዚያው በፍሎሪዳ አረፉ። አገራቸው በሙሉ ብስለታቸው ዘመን በአጠገቧ አለማግኘቷ የሚያስቆጭ ነው። ቢሆንም የመሠረቱት ትምህርት ቤት ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገናና ዋሽንትን ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ያስተምራል።

ወደ ሺሺንዳ ልመለስ። በማግስቱ የድልድዩን ከፍታ ከያዝኩት ሠንጠረዥ ካወጣሁ በኋላ፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ወንዙ በክፉ ክረምት እስከ ምን ድረስ እንደሚሞላ ጠየቅሁ። ያሳዩኝ ዛፍ ላይ የነበረው የጎርፍ ምልክት ከእኔ ስሌት በላይ ነበር። ሠንጠረዡን አልጣልኩትም፤ ስሌቱን ግን እንደገና ሠራሁት። የልጁ ዋሽንትም ጉድለት አልነበረበትም፤ መለኪያዬ የተሠራው ለሌላ መሣሪያ ነበር። በውጭ አገር መጻሕፍት ሠልጥነን በአገራችን አፈር ላይ የምንሠራ ሁላችን፣ ከመፍረዳችን በፊት በምን መለኪያ እንደምንለካ እንድንጠይቅ የአሸናፊ ከበደ ሕይወት ያሳስበናል።