ኧርል ስታንሊ ጋርድነር፦ የመርማሪው ጠበቃ ፈጣሪና አንባቢዎቹ

ጠበቃን የወንጀል መርማሪ አድርገው ካቀረቡ ደራስያን መካከል የኧርል ስታንሊ ጋርድነርን ያህል የተነበበ ማግኘት ያስቸግራል። ጠበቃው ፔሪ ሜሰን የሚመራቸው ከሰማንያ በላይ ልቦለዶች በሐያስያን ዘንድ ሴራቸው ተደጋጋሚ፣ ገጸ ባሕርያታቸውም ጥልቀት የሌላቸው ተብለው ሲነቀፉ፣ አንባቢ ግን በሚሊዮን ቅጂዎች ገዝቷቸዋል። የልዩነቱ ምክንያት በከፊል ከደራሲው የጥብቅና ሕይወት የሚቀዳ ነው።

ጋርድነር በ1889 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በማሳቹሴትስ ማልደን ተወለደ። የሕግ ትምህርቱን በቫልፓራይዞ ቢጀምርም ከቡጢ ግጥሚያ ጋር በተያያዘ ጥፋት ብዙም ሳይቆይ ተሰናበተ፤ በጠበቆች ቢሮ እየሠራ በግሉ አጥንቶም በ1911 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። በካሊፎርኒያ ኦክስናርድ ከደንበኞቹ ብዙዎቹ የቻይና ስደተኞች ነበሩ። ፖሊስ በሕገ ወጥ ሎተሪ የጠረጠራቸውን ነጋዴዎች ሊይዝ መሆኑን በሰማ ጊዜ ባለሱቆቹ ቦታ እንዲለዋወጡ አደረገ። ያዦቹ የሚያውቁት ሱቁን እንጂ ሰውየውን ስላልነበረ የተሳሳተ ሰው ያዙ፤ ክሱም ፈረሰ። የዘዴው ሥነ ምግባር ያከራክር ይሆናል። ይሁን እንጂ ምስክሩ በእርግጥ ያየው ማንን ነው የሚለው የሜሰን የዘወትር ጥያቄ በዚህ ገጠመኝ ውስጥ አስቀድሞ ይታያል።

ቀን ችሎት እየዋለ ሌሊት ይጽፍ ነበር። ለዓመታት ለርካሽ መጽሔቶች ከጻፈ በኋላ የመጀመሪያው የፔሪ ሜሰን ልቦለድ በ1933 ታተመ።

በአብዛኞቹ ልቦለዶች ፍጻሜው የሚታየው በቀዳሚ ምርመራ ችሎት፣ በመስቀለኛ ጥያቄ ነው። ይህ ስልት በተጠየቅና በበላ ልበልሃ ሙግት ለኖረ ሕዝብ እንግዳ አይሆንም፤ በዚያም ተመልካቹ የተሟጋቹን አንደበት እየመዘነ ከዳኛው ጋር ይፈርድ ነበር። ልዩነቱ በእኛ ባህል ባለጉዳዩ ራሱ ተሟግቶ ሲረታ ወይም ሲረታ፣ የሜሰን ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ማለቱ ነው። አንባቢን የሚስበውም ገዳዩ ማን እንደሆነ ከማወቅ ይልቅ ማስረጃው ሲፈርስ ማየት ይመስላል።

ከባዱ ነቀፌታ ግን ሌላ ነው። የሜሰን ደንበኞች ሁሉ ማለት ይቻላል ንጹሓን ናቸው፤ ዐቃቤ ሕጉ ሃሚልተን በርገርም ዘወትር ይሸነፋል። እንዲህ ያለ ልቦለድ ጥሩ ጠበቃ እስካለ ድረስ ንጹሕ ሰው አይፈረድበትም የሚል እምነት ሊያሳድር ይችላል። ጋርድነር ለዚህ ነቀፌታ የሰጠው ምላሽ በልቦለድ አልነበረም። በ1948 ከአርጎሲ መጽሔት ጋር ሆኖ በስሕተት የተፈረደባቸውን ሰዎች ጉዳይ የሚያጣራ ቡድን አቋቋመ፤ የሕክምና ሕግ አዋቂ፣ የውሸት መመርመሪያ ባለሙያና የወንጀል መርማሪዎች ተካተቱበት። ግኝቱ በመጽሔቱ ይወጣል፤ አንባቢው ያነባል፣ ይወያያል፣ ለባለሥልጣናት ይጽፋል። የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ችሎት የተባለውም የሕዝቡ አስተያየት ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ጉዳዮች አንዱ በዋሽንግተን ግዛት በነፍስ ግድያ የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት እንጨት ቆራጭ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተፈታ። ጋርድነር ስለዚህ ሥራ በ1952 ያሳተመው መጽሐፍ በማግሥቱ ዓመት የኤድጋር ሽልማት አግኝቷል። ልቦለዶቹን ያጣጣሉ ሐያስያን ይህን መጽሐፍ ከእነርሱ ለይተው ማየታቸው የሚያስቆጭ ነው፤ ሁለቱም የሚነሡት ከአንድ ጥርጣሬ፣ ማለትም የዓይን ምስክርን ከመጠራጠር ነውና።

ፔሪ ሜሰን ከ1957 እስከ 1966 በቴሌቪዥን ተላልፏል። በመጨረሻው ክፍል ጋርድነር ራሱ የዳኛ ልብስ ለብሶ በችሎቱ ተሰይሟል። በመጋቢት 1970 በካሊፎርኒያ ቴሜኩላ በሚገኘው የከብት እርባታ መኖሪያው አረፈ።