አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ መተማና የተጻፈባቸው ሰይፎች

ከጎንደር ደጋ በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የወረደ መንገደኛ መተማ ሲደርስ የሚያገኘው አገር ሙቀቱ የበረታ፣ የጥጥ፣ የሰሊጥና የእጣን ቆላ ነው። በ19ኛው ምእተ ዓመት ይህች የጠረፍ ከተማ ከደጋው ቡና፣ ሰምና በቅሎ፣ ባሪያም ጭምር የሚወርድባት፣ ከሱዳን በኩል ደግሞ ጨርቅና ልዩ ልዩ ሸቀጥ የሚመጣባት ታላቅ ገበያ ነበረች። አፄ ዮሐንስ 4ኛ የቈሰሉት እዚሁ ነው። በዚያ ቀን ከሁለቱም ወገን የተመዘዘው ብረት የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት ከአንድ የሙያ ጥያቄ ጋር ያያይዘዋል፤ ይኸውም መሣሪያ ባለው አገርና መሣሪያ በሚሠራ አገር መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ነው።

ካሣ ምርጫ በ1829 ዓ.ም. አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የተምቤኑ ሹም ምርጫ፣ እናታቸው የእንደርታዋ ወይዘሮ ስላስ ነበሩ። በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሸፍተው ትግራይን ከያዙ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት መንገድ ሰጡት፤ ስንቅም እንዲያገኝ ረዱት። ጦሩ ሲመለስ ጄኔራል ናፒየር ለውለታቸው መድፎችንና በመቶዎች የሚቈጠሩ ጠመንጃዎችን ትቶላቸው ሄደ። ጆን ኪርካም የተባለ እንግሊዛዊም ወታደሮቻቸውን አሠለጠነ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ፣ አሰም ላይ፣ በቍጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የአፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት ድል ያደረጉት በዚህ መሣሪያና ሥልጠና ነበር። ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ ጫኑ።

በዚሁ በ1860 ዓ.ም. ግን ሌላም ነገር ሆኗል። በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያቀልጡ የነበሩት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ከናፒየር ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ጋፋት በግዳጅ የቆመች፣ ሠራተኞቿም በፍርሃት የሚኖሩባት ስለነበረች መዘጋቷ ብዙ ሰው አላሳዘነ ይሆናል፤ ቢሆንም ምድጃው ጠፋ። ደጃዝማች ካሣ ከዚያ ዘመቻ የተረፋቸው የተሠራ መሣሪያ ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ የጦር መሣሪያ ታሪክ በአመዛኙ የምርኮ ታሪክ ነው። ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ፣ በዚያው ዓመት እንደገና ጉራ ላይ፣ የግብፁን ገዥ የኢስማኤል ፓሻን ሠራዊት ሰበሩ፤ እጅግ ብዙ ሬሚንግተን ጠመንጃና መድፍም ማረኩ። እንደ ወታደር ከተመለከቷቸው ይህ ከፍ ያለ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የተማረከ ጠመንጃ ጥይቱ ሲያልቅ ዱላ ይሆናል፤ ሲሰበርም የሚጠግነው ባለሙያ ያስፈልገዋል። ያ ባለሙያ ደግሞ በአገሩ የሚኖርበት ሁኔታ የሚያሳፍር ነበር። ብረት ከድንጋዩ በከሰልና በወናፍ አቅልጦ የሚያወጣው፣ ማረሻውንና ማጭዱን፣ ጦሩንና ጎራዴውን የሚቀጠቅጠው ሰው ጠይብ ተብሎ ይናቅ፣ ቡዳ ተብሎ ይፈራ ነበር። በጎንደር ዙሪያ ከዚህ ሙያ ብዙውን የሚይዙት ቤተ እስራኤላውያን የርስት ባለመብት አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱም የሃይማኖት አንድነትን ለማጽናት የደከሙትን ያህል ለዚህ ነገር አልደከሙም፤ እንዲያውም የወሎን እስላሞች በግድ ለማጥመቅ ያወጡት ኃይል ለመንግሥታቸው አዲስ ጠላት አፈራበት።

በጠረፉ ማዶ ሌላ ኃይል ተነሣ። መሐዲስቶች የግብፅን አገዛዝ ከሱዳን ሲያባርሩ፣ አፄ ዮሐንስ በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የሂዌት ውል መሠረት በመሐዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረዱ። በመስከረም 1878 ዓ.ም. ራስ አሉላ ኩፊት ላይ መሐዲስቶችን ድል አደረጉ። ውሉ ለኢትዮጵያ ያተረፈው ግን አዲስ ጠላት ነበር፤ ምጽዋም ለኢጣልያ ተለቀቀች።

የመሐዲስቶቹ ሰይፍ ቀጥ ያለ፣ በሁለት ወገን ስለት ያለው፣ መስቀለኛ እጀታ የተገጠመለት ነው። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1854 ዓ.ም. በሰቲት ወንዝ አካባቢ ዝሆን በሰይፍ የሚያድኑትን የሐምራን አረቦች ባገኘ ጊዜ፣ ሰይፎቻቸው ከጀርመን አገር ከዞሊንገን የመጡ መሆናቸውን ጽፏል። በመሐዲስቶች ዘመን ከእነዚህ ሰይፎች በብዙዎቹ ላይ አዲስ ነገር ታየ፤ ከእጀታው እስከ ጫፉ ገጻቸው በአረብኛ ጽሕፈት ተሸፈነ። በጦር፣ በጩቤና በመጥረቢያ ላይም እንዲሁ ተጽፎ ይገኛል። ቃላቱ በአብዛኛው ሃይማኖታዊ ሲሆኑ፣ ያዡን ይጠብቃሉ ተብሎ ይታመን ነበር።

ጽሕፈቱ በመሮ የተቀረጸ አይደለም፤ አሲድ የበላው ነው። አሠራሩ በመሠረቱ ቀላል ነው። ብረቱ ከቅባት ይጸዳል፤ አሲድ እንዳይነካው የሚፈለገው ሥፍራ በሰም ወይም ሰም በሚመስል ነገር ይሸፈናል፤ ከዚያም አሲድ ይቀባል። የተራቆተው ብረት ይበላና ይጠቁራል፤ የተሸፈነው እንደ ነበረ ይቀራል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ጊዜውን ማወቁ ነው፤ ቶሎ ከታጠበ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ ከዘገየ አሲዱ በሽፋኑ ሥር እየገባ መሥመሩን ያበላሸዋል።

ይህ የእጅ ሥራ አሲድ በብረት ላይ ከሚሠራው ከሌላው ሥራ ጋር መምታታት የለበትም። በኢንዶኔዢያ፣ በተለይም በጃቫ፣ ክሪስ የተባለው ጩቤ የሚሠራው የተለያየ ብረት ተነባብሮ፣ ግሎና ታጥፎ ደጋግሞ እየተቀጠቀጠ ነው። ሲሞረድ አንድ ወጥ ነጭ ብረት ይመስላል። ባለሙያው ከሎሚ ጭማቂ ጋር የተቀላቀለ የአርሴኒክ ማዕድን ሲቀባው ግን ተራው ብረት ይጠቁራል፤ ኒኬል ያለበት ንብር እንደ ብር ሲያበራ ይቀራል፤ ፓሞር የሚሉት ሐረግም ይወጣል። ያ ሐረግ በላዩ የተሳለ ሥዕል ሳይሆን የብረቱ የራሱ ውስጥ ነው። ዛሬ በቤተ ሙከራ የተወለወለ ናሙና ናይትሪክ አሲድ በተቀላቀለበት አልኮል ሲታጠብ በማይክሮስኮፕ ሥር የሚታየው ፈራይትና ፐርላይትም በዚሁ ሕግ የሚገለጥ ነው። የመሐዲስቶቹ ሰይፍ ግን ከዞሊንገን ጥሩ ፉላድ ቢሠራም፣ ከተራ ቆርቆሮ ቢቀጠቀጥም ጽሕፈቱ ያው ነው። ስለ ብረቱ የሚናገረው ነገር የለም።

ያም ሆኖ ከሽፋኑና ከአሲዱ በስተኋላ የቆመውን ሥርዓት መናቅ አይገባም። በኦምዱርማን መሐዲስቶቹ ከግብፆች የተረፈውን የጦር ግምጃ ቤትና ሠራተኞቹን ይዘው ጥይት ይሞሉ፣ መሣሪያ ይጠግኑ፣ ገንዘብም ያትሙ ነበር። ሥራቸው ጥራት ቢጐድለውም ይሠሩ ነበር።

በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶቹ የጦር አዛዥ አቡ አንጃ ሣር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ነሥቶ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ብዙ ሰው ገደለ፤ ብዙ ሰው ማርኮ ወሰደ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰሜን ኢጣልያን፣ በምዕራብ መሐዲስቶችን፣ በደቡብ ልባቸው የሸፈተ ነገሥታትን ይዘው ቈዩ። በኋላም ሁለቱ ሕዝቦች እርስ በርስ ከመተላለቅ ይልቅ በጋራ ጠላታቸው በአውሮፓ ላይ ቢነሡ እንደሚሻል ገልጠው ወደ አቡ አንጃ ላኩ። ከሕይወታቸው ሥራ ሁሉ እጅግ አርቆ አስተዋይነት የታየበት ይህ ሳይሆን አይቀርም። መልሱ እምቢታና ስድብ ሆነ።

አቡ አንጃ በበሽታ ሲሞት ዘኪ ቱማል ተተክቶ መተማን በእሾህ አጥር አጠናከረ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት አጥሩን ሰብሮ ገባ። የመሐዲስቶቹ ጥይት እየተመናመነ፣ ድሉም ወደ ኢትዮጵያውያን እያዘነበለ ሳለ አፄ ዮሐንስ በጥይት ተመቱ። የመታቸው ጽሕፈት የነበረበት ሰይፍ አልነበረም። ወሬው በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ ተፈታ። ንጉሠ ነገሥቱ ልጃቸውን ራስ መንገሻን ወራሽ አድርገው በማግሥቱ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ ወደ ደጋ ያፈገፈገው ጓድ በአትባራ ወንዝ አጠገብ ተደረሰበት፤ መሐዲስቶቹም ራሳቸውን ቈርጠው ወደ ኦምዱርማን ላኩ።

የተጻፈባቸው ሰይፎች ዕድል ደግሞ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1890 ዓ.ም. ተወሰነ። ኦምዱርማን ላይ በእንግሊዞች ማክሲም መትረየስ ፊት ወደ 10,000 የሚጠጉ መሐዲስቶች በአንድ ጠዋት ወደቁ። ሰይፎቹ ከሜዳው እየተለቀሙ በወታደሮች ሻንጣ ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ ብዙዎቹም እስከ ዛሬ በዚያ ቤተ መዘክሮች ውስጥ ጽሕፈታቸው ሳይጠፋ ይታያሉ።