ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን እና የአዛዥ ኃላፊነት

ዛሬ ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ ከተተከሉባት ከቂሊንጦ ብዙም ሳይርቅ፣ በአቃቂ ሜዳ፣ በ1920ዎቹ ዓ.ም. የአውሮፕላን ማረፊያ ነበረ። በዚያ ከሠሩት ባለሙያዎች አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ናቸው።

ሮቢንሰን ሙያን የጀመሩት ከመካኒክነት ነው። በቱስኬጊ የአውቶሞቢል ጥገና ተምረው ወደ ቺካጎ ሄዱ። የከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በቆዳቸው ቀለም ምክንያት አልቀበልም ሲላቸው፣ በጽዳት ሠራተኛነት ገብተው ትምህርቱን ከዳር ሆነው አደመጡ። በኋላም በዚያው ተመርቀው አስተማሪ ለመሆን በቁ።

በግንቦት 1927 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገቡ። ከእርሳቸው አስቀድሞ የመጣው አብራሪ ሁበርት ጁልያን፣ በ1923 ዓ.ም. የዘውዱ በዓል ሲቃረብ የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን ሰብሮ ከአገር እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። ስለሆነም ሮቢንሰን ብዙም ሳይቆዩ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሲሆኑ፣ የተረከቡት አውሮፕላን ብቻ ሳይሆን የጎደለ እምነትንም ጭምር ነው። አውሮፕላኖቹ ጥቂትና መሣሪያ ያልታጠቁ ነበሩ፤ አንዱ ቢሰበር በቶሎ የሚተካው አልነበረም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ዐድዋን ሲደበድቡ አዛዡ በዚያው ነበሩ። በቀጠሉትም ወራት መልእክት ይዘው ወደ ጦር ግንባር ራሳቸው ተመላለሱ። አደጋውን በበታቾቻቸው ትከሻ ላይ አለመጣላቸው ያስመሰግናቸዋል። ሆኖም በሙያችን ዓይን ሲመዘን አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ አዛዡ ራሱ አብራሪ ሲሆን፣ ይህ አውሮፕላን ዛሬ አይነሣም ብሎ የሚከለክለው ማን ነው?

የጥያቄው መልስ በሁለተኛው የሥራ ዘመናቸው የሚገኝ ይመስለኛል። በ1936 ዓ.ም. ከሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር ተመልሰው ወጣት ኢትዮጵያውያንን አሠለጠኑ። በአንድ ሰው ድፍረት ቆሞ የነበረው ሥራ ተተኪ እጆችን አገኘ። እርሳቸው ግን መብረርን አልተዉም፤ በአዲስ አበባ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ቆስለው መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም. ዐረፉ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 19፣ ለደኅንነት ተጠያቂ የሆነው የበላይ ኃላፊ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዝዛል። ኃላፊው ሥራውን ሊያከፋፍል ይችላል፤ ተጠያቂነቱን ግን ሊያስተላልፍ አይችልም። ከሮቢንሰን ሕይወት የምንማረውም ይህንኑ ነው። መሪ አደጋውን አብሮ መሸከሙ መልካም ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን፣ አይሆንም የሚለው መካኒክ ያለ ፍርሃት እንዲናገርና ቃሉም እንዲከበር ማድረግ ነው።