ኤልመር ኪዝ፦ ከእሳት ተርፎ በቀለጠ እርሳስ ስሙን የተከለው ተኳሽ

አሜሪካዊው ኤልመር ኪዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 በሚዙሪ ግዛት ተወለደ። በልጅነቱ ሞንታና ውስጥ በደረሰ የእሳት ቃጠሎ ክፉኛ ተጎድቶ ግራ እጁ ተጣመመ። ያም ሆኖ ከዘመኑ ስመ ጥር ሽጉጥ ተኳሾች አንዱ ሆነ።

ኪዝ በፋብሪካ ጥይት አልረካም። እርሳስ አቅልጦ አረር ይሠራ፣ በተተኮሰ ቀለህ ውስጥም ባሩድ መዝኖ ይሞላ ነበር። በሙከራው አንድ አሮጌ ሪቮልቨር እጁ ላይ ፈነዳ፤ እርሱ ግን የጥይት መጉረሻው ግድግዳ ወደሚወፍር ባለ 44 ካሊበር ሽጉጥ ተሻገረ። የነደፈው ባለ ትከሻ አረር የወረቀት ዒላማን ጥርት አድርጎ ይበሳል።

የዓመታት ውትወታው ሰምሮ በ1950ዎቹ አጋማሽ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እና ሬሚንግተን 44 ማግነምን ለገበያ አቀረቡ። ኪዝ በ1984 አረፈ፤ ዒላማ ተኳሾች ግን ዛሬም በእርሱ ንድፍ አረር ይሠራሉ።